ነፋስ የናፈቀው ሰው

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው አውቶቡስ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ካኪ ኮቱ ሰፍቶበታል። ባሳለ ቁጥር አፉን በመሐረብ ይሸፍንና መስኮቱን ይከፍታል።

«ኧረ ወንድሜ ዝጋው! ልጄን ብርድ ልታስመታብኝ ነው?» አለች ከኋላችን ሕፃን ያዘለች ሴት።

ዘጋው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሆላንዶች አትክልተኛ ነበርሁ። ጌታዬ ሲከፋው ነፋስ ሲነፍስ ጠብቆ ይወጣል፤ ደረቱን ከፍቶ ሜዳ ለሜዳ ይሄድና ቀሎት ይመለሳል። ‹አይትዋየን› ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ስም አጣሁለት።»

ተገረምሁ። እኛ ነፋስን በጋቢ እንሸሻለን፤ ለካ እንደ ጠበል ፍለጋ የሚወጡለት ሰዎች አሉ!

«እርስዎንስ ያሽልዎታል?»

«ሐኪሞች ሳንባህ አልቋል ብለውኛል። ነፋስ ሲነካኝ ግን ትንሽ እተነፍሳለሁ።» መስኮቱን በጣቱ ዳሰሰ። «እናቴ በሩን ዘግታ፣ የግድግዳውን ቀዳዳ በጨርቅ ወትፋ ታስተኛኛለች። በዚያ ጨለማ ነው የምሞተው። እምቢ እንዳልላት፣ ትወደኛለች።»

ቡሬ ስንደርስ ነፋሱ ባሕር ዛፉን ያጎነብሰው ነበር። ሰውየው ወርዶ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዞረ። ሲጠብቁት የነበሩት እናቱ ግን ጋቢ ዘርግተው «እኔን ልጄ! እኔን!» እያሉ ሮጡ። እሱም ራሱን እንዲጠቀልሉት አንገቱን ዝቅ አድርጎ አመቻቸላቸው።