የጉና ሰው አይታመምም

ታላቅ ወንድሜ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ሆዱን አሞት በቃሬዛ ተሸክመነው ስንወርድ፣ ጤና ጣቢያ ያለበት ገሳይ ከተማ ሳንደርስ መንገድ ላይ አለፈ። ይህን ያህል ብቻ ልበል። ከዚህ በላይ መጻፍ እስካሁን አይሆንልኝም።

በዚያው በጋ ከውጭ አገር ሁለት በጎ ፈቃደኞች መጡ፤ አንዲት ሐኪምና አንድ መሐንዲስ። ክሊኒክ የሚሠራበትን ቦታ ሊያጠኑ ነው። የእኛን ቀበሌና ከጉና ተራራ ወዲያ ያለውን አይተው አንዱን ይመርጣሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ስለጨረስኩ አስተርጓሚ ሆንኩ። እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም። ግን ክሊኒኩ ለእኛ እንዲሆን የእኔን ያህል የፈለገ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ይበላል። ክፉ ወሬ አይነገረውም።

በአጎቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። እናቴም ጎረቤቱም አሉ። የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር ቀረበ። ሐኪሟ፣ እዚህ ሰው ምን ምን ያመዋል ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩ።

አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን በላት። ከብቱም ሰላም ነው።»

«ልጆችስ? ነፍሰ ጡሮችስ?»

«ሁሉም ደህና። ይልቅ ድንቹ ሳይቀዘቅዝ ብሉ በላቸው።»

ሚስታቸው ከኋላ እየሳሉ፣ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» አሉ።

መሐንዲሱ ለሐኪሟ ቀስ ብሎ ተናገረ። ገባኝ። እዚህ ያን ያህል ችግር የለም፣ ወዲያኛው ሳይብስ አይቀርም ነው ያላት። የያዝኩትን ድንች መልሼ አስቀመጥኩ።

«አጎቴ፣ የወንድሜን ነገር ልነግራቸው ነው» አልኩ።

«አንተ ልጅ! እየበሉ?»

«ካልነገርናቸው ይሄዳሉ።»

አጎቴ የእንግዶቹን አፍ አዩ። «እሺ። ግን መጀመሪያ የጎረሱትን ይዋጡ።»

ጠበቅሁና ነገርኳቸው። ቃል ያጥረኝ ነበር። ቃሬዛን በእንግሊዝኛ ስለማላውቀው ትከሻዬን እየነካሁ አሳየኋቸው። ሐኪሟ መብላት ተወች። ሌላስ የታመመ የለም ወይ አለች።

«እንግዲህ ከተነሣ አይቀር፣» አሉ የአጎቴ ሚስት፣ «እኔንም ከመስቀል ወዲህ ይኸው ሳሉ አለቀቀኝም።» አንዷ የልጇን ጆሮ አሳየች። አንዱ ጉልበቱን ገለጠ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራ ጀመር፤ ለማን እንደምተረጉም ጠፋኝ።

«ጉድ ነው!» አለ አንድ ጎረቤት። «አሁን ሁላችን ደህና አልነበርንም? ይህች ሴት ምን ይዛብን መጣች?»

ሳቅ ሆነ። አጎቴም፣ «ሰላምታ መስሎኝ እኮ ነው» አሉ። «ለሰላምታ ቁርጥማት ይዘረዘራል እንዴ?» ይህንንም ተርጉምላት አሉኝ። ሐኪሟ እስኪያስላት ሳቀች።

ከሰዓት መሐንዲሱ የግጦሹን ሜዳ ለካ። የእኛ ቀበሌ መመረጡ የተነገረን ቆይቶ ነው፤ አሁን የክሊኒኩ ግድግዳ ቆሟል። ያን ቀን እኔ የሜትሩን አንድ ጫፍ ይዤ ሳለ እናቴ ሐኪሟን ይዛ መጣች። ከሐዘኑ ወዲህ የወንድሜን ስም ጠርታ አታውቅም ነበር። አሁን ስሙን ጠራች።

«ድምፁ አያምርም ነበር በላት። ግን በግ ሲሸልት ይዘፍናል። በጎቹ ይሸሹት ነበር በላት።»

ተረጎምኩላት። እናቴ ሐኪሟ እስክትስቅ ጠበቀችና አብራ ሳቀች።