ያላለፍኩት ሳጥን

ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ፊደልም እስታለሁና አስቀድሜ ይቅርታ። ስምንተኛን እንደምንም ጨርሼ ወሰን አካባቢ በእትዬ ሮማን የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት በጽዳት ተቀጠርኩ። ያኔ እትዬ ለደንበኞቻቸው በኮምፒውተር የሚሞላ ቅጽ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ሊገዙ ነበር። ባለሙያው ዳዊት ሁለት አመጣላቸው፤ አንዱ በጣም ያምራል፣ ሌላው ተራ ነው።

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ነይ እስቲ፣ ሁለቱንም ሙዪልኝ።»

«እትዬ፣ እሷ እኮ ኮምፒውተር የምታውቀው አቧራ ስታራግፍለት ነው» አለ ዳዊት እየሳቀ።

«ለዚህ ነው የፈለግኳት። ቅጹን የሚሞላው አንተ አይደለህም፤ ልጁን መዋዕለ ሕፃናት የሚያስመዘግብ ወላጅ ነው።»

እጄን በሽርጤ ጠርጌ ተቀመጥኩ። በሚያምረው ጀመርኩ። ስሜን በአንድ ጣት ለቅሜ ጻፍኩና ቀጥሎ ያለው ሳጥን ላይ ቆምኩ። ባዶውን ትቼው ልለፍ ስል ቀይ ጽሑፍ እያወጣ መለሰኝ። ተራው ግን ባዶውን ትቼ እንድጨርስ ፈቀደልኝ።

«ያኛው ምን ሆነ?» አሉኝ እትዬ።

«አስቸገረኝ» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

«አንቺን ካስቸገረሽ ሌላውንም ያስቸግራል» ብለው፣ ዳዊት እየተከራከራቸው፣ ተራውን ገዙ። የጽዳት ሠራተኛ ቃል አምኖ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። ዛሬም ለደንበኛ ሁሉ «የመረጠችው እሷ ናት» ይላሉ።

ለማንም ያልነገርኩት አለ። ያቆመኝ ሳጥን «የአባት ስም» የሚለው ነበር። አባቴን አላውቀውም። ትምህርት ቤት የአጎቴን ስም እየጻፍኩ አልፌያለሁ፤ እትዬ ሮማን አጠገቤ ቆመው እያዩኝ ግን መዋሸት አቃተኝ።