ዳታ ሴንተር ከበርበሬ ስጥ አጠገብ

ንጋት፣ ሀይሌ ጋርመንት

ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ወጣን። የኅዳር ብርድ ነው። ሹፌራችን ከድር መስታወቱን ዘግቶ እጁን ያፋትጋል፤ እኔ ግን ብርዱ ደስ ብሎኛል። ድርጅታችን ለዳታ ሴንተር የሚሆን ቦታ እንድመርጥ ልኮኛል። እዚያ የሚደረደሩት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራባቸው ኮምፒዩተሮች ቀን ከሌት ይግላሉ፤ ሌላው አገር በውሃ ያበርዳቸዋል። እኛ ንጹሕ ብርድ ሞልቶን ለምን ከሰፈርተኛ ጋር ውሃ እንሻማ?

"ብርድ ፍለጋ ነው በዚህ ጠዋት የወጣነው?" አለ ከድር። "እኔ ቤት ብትመጣ በነፃ ታገኝ ነበር።"

አደባባዩ ዳር ትኩስ እርጥብ በሻይ በላንና የመጀመሪያውን ቦታ አየን። መብራቱም መንገዱም ቅርብ ነው። ግን ዙሪያውን ፎቅ ከቦት ነፋስ ዝር አይልም። ነፋስ ከሌለ ውሃ ይኖር ይሆን ብዬ የቦታውን ጥበቃ ብጠይቀው ሳቀብኝ፤ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ይቅርብን አልኩ።

ረፋድ፣ ላፍቶ

ሁለተኛው ቦታ ወንዝ ዳር ነው፤ አረንጓዴ፣ ጸጥ ያለ። ልቤ ወደደው። ሸንኮራ የምትሸጥ ሴት ግን ክረምት ላይ ወንዙ እስከ አጥሩ እንደሚወጣ ነገረችን። ሸንኮራዋን እየመጠጥን ተሰናበትን።

ቀትር፣ ሀና ማርያም

ሦስተኛው ከፍ ያለ፣ ነፋስ የማያጣው፣ የመብራት መስመር አጠገቡ የሚያልፍ ሜዳ ነው። አንድ ነገር ብቻ ከለከለን። ቀደም ብለን አጥሩ ላይ የሰቀልነው የአቧራ መለኪያ፣ አየሩ እጅግ ቆሻሻ ነው ይላል። አቧራ ደግሞ የኮምፒዩተር ጠላት ነው። አለቃዬ ምክንያቱን ካላገኘህ ቦታውን ሰርዘው ብሎኛል።

ከመኪና እንደወረድኩ አስነጠሰኝ። ከድርም ተከተለኝ።

"ይማራችሁ!" አለች አንዲት ሴት ከአጥሩ ወዲያ።

ሜዳው በሙሉ ቀልቷል። በርበሬ ነው! ልክ ከመለኪያችን ሥር ሴቶች እየቀነጠሱ ያበጥራሉ። መለኪያውን የሰቀልነው እሑድ ነበር፤ እሑድ ማን በርበሬ ያሰጣል? ያን ዕለት ባዶ ሜዳ አይተን ነበር የሄድነው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ለግማሹ ሰፈር በርበሬ የሚያዘጋጁት እትዬ ብርቄ ግን አልሳቁም።

"ልታስነሱን ነው አይደል የመጣችሁት?"

"ገና አልተወሰነም፣ እትዬ።"

"ከዚህ ወዴት እንሂድ ልጄ? ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ባሰጣው ከጎረቤት ጋር እጣላለሁ። እንጀራዬ ይሄ ሜዳ ነው።"

ጨነቀኝ። የአቧራውን ምክንያት ብናገር ሴቶቹ ይነሳሉ፤ ዝም ብል ከሁሉም የተሻለው ቦታ ይቀራል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ነፋሱን አዳመጥኩ። አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። ታዲያ ሕንፃው ቀዝቃዛውን አየር በምሥራቅ በኩል ቢስብ፣ ኮምፒዩተሮቹን አብርዶ የሞቀውን ደረቅ አየር በምዕራብ ቢያስወጣስ? በርበሬው ወደ ምዕራብ ይዞር! ብናኙን ነፋሱ ወዲያ ይወስደዋል፤ የሞቀው አየርም በርበሬውን ያደርቀዋል። ዝናብ እንዳይነካው ጣሪያውንም ወደ ውጭ እናስረዝመዋለን።

ለአለቃዬ ደወልኩ። መጀመሪያ ቀለድኩ መሰለው። ኋላ ግን፣ "ሴቶቹ ከተስማሙ በዚሁ ንደፈው፤ ማንም አይነሳም" አለ። ስልኩን ስዘጋ ደስታዬ ፊቴ ላይ ሳይነበብ አልቀረም።

ነገሩን ለእትዬ ብርቄ አስረዳኋቸው።

"ክረምትም ይሞቃል?"

"ክረምት ከበጋ፣ እትዬ።"

"በዝናብ በርበሬ የሚደርቅበት ቦታ? ሰምቼም አላውቅ!" ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። "የሚሞቀው በየት በኩል ነው?"

በእጄ አሳየኋቸው። ደህና ድንጋይ መርጠው እዚያው አስቀመጡ። ጎረቤታቸውም አየት አድርጋ የራሷን ከኋላው አደረገች፤ ከዚያ ሌላዋ፣ ልክ ቦኖ ውሃ ላይ እንደምናደርገው። የሕንፃው መሠረት ሳይቆፈር ወረፋው ተጀመረ።