ባንተአምላክና የተደበቀው ማገዶ

በደብረ ታቦር ባንተአምላክን በስሙ የሚጠሩት ሚስቱና የክርስትና እናቱ ብቻ ነበሩ። ለቀረው ሰው «ጭስ መዛኙ» ነው። ሥራው በየድርጅቱ እየዞረ መመዝገብ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ በወር ስንት ሊትር ናፍጣ እንደጠጣ፣ ሆቴሉ ጄነሬተሩን ስንት ሰዓት እንዳስጮኸ፣ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ስንት እንጨት እንደበላ። ከዚያ ያን ሁሉ በስሌት ወደ ሰማይ የወጣ ጭስ ያደርገዋል። ጭሱ አየሩን እያሞቀ ዝናቡን ከወቅቱ አዛንፎታል፣ የለካነውን መቀነስ እንችላለን እያለ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያስረዳል። የጠላ ቤት ወሬኛ ግን ነገሩን በሚጥመው መልክ አስተካክሎታል፤ ጭሱን በጆንያ እየቋጠረ ለፈረንጅ ይሸጣል፤ አለዚያማ ከጉና ግርጌ የመጣ የደሃ ልጅ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ በምን ገባ? ቤቱን ለሚስቱ ለብርቱካን ያወረሷት አባቷ ናቸው። እንዲህ ያለው መልስ ወሬ ስለሚገድል ማንም አልፈለገውም።

ጣጣው የመጣው በ2009 ዓ.ም. ከአረቄ አውጪ ሴቶች ማኅበር ጋር ነው። በከተማው ዳርቻ ሠላሳ ሁለት ሴቶች በየቤታቸው እያወጡ በአንድነት ይሸጣሉ። የባንተአምላክ መሥሪያ ቤት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሊሰጣቸው ተስማማ፤ መጀመሪያ ለአሥራ ሁለቱ፣ እንጨቱ መቀነሱ ከተረጋገጠ ደግሞ ለቀሩት ሃያዎቹ። የማኅበሩ ሊቀመንበር የክርስትና እናቱ ወይዘሮ ዘነበች ናቸው፤ ባል የሞተባቸው፣ የሰፈሩን ባልና ሚስት ሁሉ የሚያስታርቁ ሴት። ሹም ቀድሞ አይበላም ብለው አራስና ነፍሰ ጡር አስቀድመው፣ ራሳቸውን ከመጨረሻዎቹ ጻፉ። አርባ ዓመት ሦስት ጉልቻ ላይ ሲያጎነብሱ ጭሱ ዓይናቸውን በልቶታል። ሐኪሙ ከጭስ ካልራቁ የቀረውም ይሄዳል ብሏቸዋል። ዛሬ ሰው የሚለዩት በአረማመዱ ነው።

አመዛዘኑ ቀላል ነው። ሰኞ ማለዳ የቤቱ ማገዶ በመንጠቆ ሚዛን ይመዘናል፤ በሳምንቱ የተረፈው ይመዘናል፤ የጎደለው የነደደው ነው። በዚህ አገር ግን ደብተር ለያዘ ሰው ልኩን የሚናገር የለም። ከብቱን የተጠየቀ ገበሬ ግማሹን ይናገራል፤ ልጆቿን የተጠየቀች እናት «እግዜር የሰጠኝን» ብላ ታልፋለች። የአረቄ ሴቶች ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ምክንያት አላቸው፤ ግብር ገማች የሚያወጡትን አረቄ የሚገምተው በማገዶው ክምር ነው። ስለዚህ መዛኙ ሰኞ ሊመጣ፣ እሑድ ሴቶቹ ከቅዳሴ ወጥተው እሱ ያልተጠራበት አጭር ምክክር ተደረገ። ሰኞ በየደጁ አንድ አንድ ኩርምት ያለች የባሕር ዛፍ ክምር ተገኘች። ትልልቁ ክምር ከገለባ ሥር፣ ከበግ ጋጣ ገባ። ውዴ የምትባለዋ ፍልጡን ባሏ አልጋ ላይ ደርድራ ቁርበት አነጠፈችበት፤ ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ወገቡን ይዞ ሲሄድ ምክንያቱን ጠይቆ መልስ ያገኘ የለም።

በየቤቱ ነደደ የተባለው በሳምንት ስድሳ ኪሎ ሆነ። ባንተአምላክ በወይዘሮ ዘነበች ጓሮ አመድ መድፊያው አጠገብ ቆመ። ስድሳ ኪሎ እንጨት ያን ያህል አመድ አይወጣውም፤ ከነቅጠሉ ደን የተቃጠለ ይመስላል። አመዱን አየ፣ እሳቸውን አየ። ምን ሆነሃል ሲሉት ምንም አለ። ለጥምቀት የታቀፉትን ሴት «አንቱ ዋሹ» የሚል አፍ ከየት ያምጣ? ይሉኝታ ያዘውና ስድሳ ብሎ ጻፈ።

አሥራ ሁለቱ ምድጃዎች ሲመጡ ሴቶቹ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እያሉ ሲተርቡት ከረሙ። ወር ሳይሞላ ግን ተረቡ ጠፋ። ጭሱ በጢስ መውጫው ይሄዳል፤ እንጨቱ በግማሽ ቀነሰ። ደስ ስላላቸው በዓመቱ ሚዛኑን ይዞ ሲመጣ፣ ልጃችን ነው እንጂ ገማች አይደለም ብለው ያላቸውን ሁሉ አውጥተው ዘረጉለት። በሳምንት መቶ አሥር ኪሎ ሆነ። በፊት የነደደው ከሁለት መቶ በላይ እንደነበር የሚያውቁት እነሱና አመዱ ናቸው። ወረቀቱ የሚያውቀው ስድሳ ነው።

ባሕር ዳር ያለው አለቃው ሲሳይ ደወለ። ሰውየው አይጮህም፤ ባይጮህም ይጎዳል።

«ባንተአምላክ፣ ይህ ምድጃ እንጨት ይወልዳል እንዴ?»

የሃያዎቹ ምድጃ ታገደ።

ባንተአምላክ ያን ቀን ምሳ ሳይበላ ወደ ወይዘሮ ዘነበች ሄደ። የአረቄው ድፍድፍ ተጥዶ፣ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ አገኛቸው። ነገሩን ከነገራቸው በኋላ ሲሳይ ዘንድ አብረውት ሄደው የተደበቀውን እንዲናገሩ ለመናቸው።

«እኔ እርቅ የማወርድ ሴት ነኝ» አሉት። «ነገ ሰው መሐል ቆሜ እውነቱን ተናገሩ ስል፣ አንቺስ እንጨት ደብቀሽ የለም ወይ ቢሉኝ ምን አፍ አለኝ?»

«ዓይንዎ ይሻላል ወይስ...»

«ቆይ። አንተስ አመዱን አይተኸው አልነበረም?»

መሬት መሬት አየ። «አይቼው ነበር።»

«ቆመህ ስታየው እኔም አይቼሃለሁ፤ ያኔ ይህን ያህል አልታወርሁም ነበር። ዝም ያልኸው ለኔ ብለህ ነው ወይስ ለራስህ?»

ባንተአምላክ ወደ ቤቱ ሄዶ ለሲሳይ ደብዳቤ ጻፈ። የአምናው ስድሳ ኪሎ ሐሰት ነው፤ አመዱን አይቼ እያወቅሁ ጽፌዋለሁ አለ። የማንንም ስም አላነሣም። ሃያዎቹ ሴቶች ዛሬም በሦስት ጉልቻ ስለሚያወጡ እነሱ እንደ አዲስ ይመዘኑ፣ የድሮው ልክ ከዚያ ይታወቃል ሲል ጨመረ። ሲሳይ ሐሳቡን ተቀበለ፤ ባንተአምላክ ግን ሚዛን እንዳይነካ፣ የሥራ ውሉም እንዳይታደስ ሆነ። ብርቱካን ደብዳቤውን ሁለቴ አንብባ፣ አሁን የሰፈሩ ሰው ጭሱን ሸጦ ጨረሰው ሊል ነው አለችና ወጥታ አለቀሰች።

ለመመዘኑ ከሌላ ክልል የመጣች መክሊት የምትባል ልጅ ተላከች። ባንተአምላክ ከመምጣቷ በፊት ሃያውንም ቤት ዞረ። እንዳትደብቁ፣ የምትደብቁት የራሳችሁን ምድጃ ነው እያለ ለመነ። ሁሉም እሺ አሉት። እሺ ከማለት የቀለለ ነገር በዚያ ሰፈር የለም። ያቺን ልጅ ግን ማን ያውቃታል? ደብተር ይዛለች፤ አነጋገሯም ሌላ ነው። እሑድ ገለባ ሲጓጓዝ ዋለ።

ሰኞ መክሊት ከወይዘሮ ዘነበች ግቢ ጀመረች። ባንተአምላክ ከአጥር ውጭ ቆሞ ነበር። አሮጊቷ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ወደ ጓሮ መሯት። እዚያ ገለባ ያልለበሰ ክምር እስከ አጥሩ ድረስ ተዘርግቷል።

«ይህ ነው» አሉ፣ ጎረቤት እንዲሰማ አድርገው። «አምና ደብቄው ነበር። ይህንንም ጻፊው፤ ስሜንም ጻፊው።»

በአጥሩ ማዶ የምትሰማው ውዴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። መክሊት ከዚያ ወደ እሷ ቤት ስትገባ ግን ደጇ ላይ ኩርምት ያለችው ክምር ቆማ ጠበቀቻት።

በሳምንቱ ቁጥሩ ተሰበሰበ። አሥራ ዘጠኝ ቤት ሃምሳ ስምንት፣ ስድሳ፣ ስድሳ ሁለት እያለ ሄደ። አንድ ቤት ሁለት መቶ አሥራ አራት። ከሌሎቹ ጋር የማይመሳሰለውን ቁጥር እንደ ስሕተት ቆጥሮ መጣል የስሌቱ ደንብ ነው፤ ባንተአምላክም ለዓመታት ሲጥል የኖረ ሰው ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራቱም ተጣለ። መክሊት ነገሩን ልቧ ስላልወደደው ራሷ ደውላ ነገረችው። እሱም ወደ ወይዘሮ ዘነበች ሄደ። በሩ ላይ በእግሩ ኮቴ ለዩት።

«የኔ ቁጥር እንዴት ሆነ?» አሉ።

አንድ ልብ የሚያሳርፍ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወው።

«ጣሉት። ከሌሎቹ ጋር ስላልገጠመ ስሕተት ነው ተባለ።»

እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሱት። ጭሱ ፊታቸውን ሸፈነው፤ ፊታቸውን አላዞሩም። የተናደዱ መስሎት ሊያባብላቸው ሲል እጃቸውን አነሡ።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አሥራ ዘጠኙንም ጥራልኝ። እንዳይፈሩ በላቸው፤ አልቆጣም። መደበቁን ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ።»

ባንተአምላክ እሺ ብሎ ወጣ። ሲሳይ መክሊትን ዳግም ይልካት እንደሆነ የነገረው የለም፤ የሚጠይቅበትም ሥራ የለውም። መጀመሪያ የውዴን በር አንኳኳ።