የእናቴ ቁልቋልና የአጎቴ ጥፍር

አሰበ ተፈሪ ውስጥ ስለ ተክል የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ጉዱ ግን የሚያውቁት ጫት ብቻ መሆኑ ነው።

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ለእናቴ ትቶላት የሄደው በዱቄት ወተት ጣሳ የተተከለ ቁልቋል ነበር። እንደ አጥሩ ቁልቋል እሾሃም አይደለም፤ ጠፍጣፋ ቅጠሉ አንዱ ከሌላው ጫፍ ላይ እየተቀጠለ ያድጋል፤ ቀይ አበባውም ከጫፉ ነው የሚወጣው። የወንድሜ ወሬ ሲጠፋ እናቴ ልጇን በቁልቋሉ ታየው ጀመር። ካደገ ደህና ነው። ካላደገ ግን... አትጨርሰውም።

ቁልቋሉ ደግሞ ፍንክች አላለም። እሷም እህል አልወርድ ብሏት ከሳች።

መካሪ ግን ሞልቶ! ግብርና ቢሮ የሚሠራው ጎረቤታችን "አፈሩ ነው" አለ፤ ቀየርን። "ፀሐይ ነው" አለ፤ ወደ መስኮቱ አስጠጋን። በመጨረሻ "ጊዜ ይፈልጋል" ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ለዚህ ነው የተማረው! ማዶ ያለችው ሴትዮ ደግሞ "ዓይን ነው" ብላ ጥቁር ክር አሰረችበት።

የሁሉም ቁንጮ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበር። ሂርና አካባቢ ጫት ሲያለማ ኖሮ በአብዮቱ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆነ። ወንድሜንም የመለመለው እሱ ነው። "የሰው ልጅ መልምዬ የእህቴን ብተው ምን እባላለሁ?" ሲል እንደ ጀብዱ ይቆጥረዋል።

አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ እኛ ቤት መስኮቱ ሥር ተጋድሞ ይቅማል። አንድ ቀን ውሃ ላቀርብለት ስገባ ከቁልቋሉ ጫፍ ብቅ ያለችውን ቀንበጥ በጥፍሩ ቀንጥሶ ሲጥል አየሁት።

"ምን እያደረጉ ነው?" አልኩት።

"ወላሂ፣ እኔ ባልቀነጥሰው ይኼኔ ደርቆ ነበር። ጫት ካልተቀነጠሰ ያቆጠቁጣል?"

"ይኼ ጫት አይደለም!"

"ተክል ተክል ነው" ብሎ ከእስሩ ሌላ የጫት እንጨት መዘዘ።

ንድድ አልኩ። እኛ አፈር ስንቀይር፣ ክር ስናስር፣ ለካ ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ነው የከረምነው። ለእናቴ ስነግራት "ታላቄ ነው፣ ምን ልበለው?" አለች። ጣሳውን ራሴ ወደ ጓዳ መስኮት ወሰድኩት።

ክረምቱ ሲወጣ ቁልቋሉ ቅጠል ጨምሮ ጫፎቹ ላይ ቀያይ እንቡጥ አወጣ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። የግብርናው ሰው "ጊዜ ይፈልጋል አላልኩም?" አለ። አጎቴም ሰውን እየገፋ ገባ።

"የኔ ቅንጠሳ ነው! አሁን ግን በዝተዋል፤ ለሌሎቹ ጉልበት እንዲሆን አንዷ ትነሳ" ብሎ ጥፍሩን ሰነዘረ።

ታላቋን ቀና ብላ አይታ የማታውቀው እናቴ እጁን በጥፊ አለችው።

"ሂንቱቂን! አትንካ!" ብላ ጮኸች። "ከቤቴ አንድ ቀንጥሰህ ወስደሃል። ይበቃሃል!"

ሊቀመንበሩ ጎረቤቱ ሁሉ ፊት ጥፍሩን ሰብስቦ ወደ በሩ አፈገፈገ። ወንድሜ የት እንዳለ ያን ቀንም የሚያውቅ አልነበረም።