ፋርስኛ በክላፋም

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን ስገባ፣ ክላፋም ውስጥ ጡረታ ከወጡ አንዲት እንግሊዛዊት አስተማሪ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ልባቸው ያለው ድሮ በሰፈሩ ይኖር ነበር በሚሉት አንድ ሊቅ ላይ ነው። ሊቁ አረብኛውንም ፋርስኛውንም ሳንስክሪቱንም ከመጽሐፍ ብቻ ተምሮ መዝገበ ቃላት እስከ መጻፍ ደርሷል፤ ከእንግሊዝ ግን ወጥቶ አያውቅም። በስተርጅናው የፋርስ መልእክተኛ ለንደን ገባ ሲባል ለባብሶ ሄደና በፋርስኛ ረጅም ሰላምታ አቀረበ። መልእክተኛው በአክብሮት አዳምጦ ሲያበቃ፣ እንግሊዝኛ ባለመቻሉ በአስተርጓሚ በኩል ይቅርታ ጠየቀ።

አከራዬ ይህን ቲያትር አድርገው በሰፈሩ አዳራሽ ሊያሳዩ ሲሉ፣ ሊቁን የሚጫወተው ሰው ወገቡን ታመመ። ልብሱ ልክ የሆነው ለእኔ ብቻ ነበር። እናም እኔ ነጭ ዊግ ደፍቼ እንግሊዛዊውን ሊቅ ሆንኩ፤ ጎረቤታችን፣ ቀይ ፊት ያላቸው የዌልስ ሽማግሌ፣ ጠምጥመው የፋርስ መልእክተኛ ሆኑ። ፋርስኛ የሚያውቅ ስለጠፋ እኔ በአማርኛ እንድናገር፣ ሽማግሌው በዌልስኛ እንዲመልሱ ተወሰነ።

በትዕይንቱ ቀን መድረክ ወጥቼ እጅ ነሣሁና «እንደምን ዋሉ ጌታዬ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?» አልኩ። ሽማግሌው አፋቸውን ሳይከፍቱ ከተመልካቹ መሀል መልስ መጣ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ራስህ ላይ ምንድነው ያደረግከው?»

አውቶቡስ ሲጠብቁ ዝናብ ይዟቸው የተጠለሉ እናት ነበሩ። ዝም ማለት ነውር ሆነብኝና ዊግ መሆኑን ነገርኳቸው። ሰፈሬን ጠየቁኝ፤ ኮልፌ አልኳቸው። ዘመድ ፍለጋ ጀመርን። ሽማግሌው ተራቸው ያለፈ መስሏቸው በዌልስኛ ጣልቃ ሲገቡ፣ እናትየዋ እኚህ ሰውዬ ምን ሆነው እንደሚቆጡ ጠየቁኝ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በኋላ አንድ አዛውንት መጥተው፣ በወጣትነታቸው ቴህራን እንደሠሩ፣ የሴትየዋ ፋርስኛ እጅግ የጠራ እንደሆነ፣ የእኔ ግን ከመጽሐፍ የተለቀመ እንደሚመስል ነገሩኝ።

አከራዬ ደስ ብሏቸው እናትየዋን የመልእክተኛው እናት አድርገው ቲያትሩ ውስጥ አስገቧቸው። የሚሉትን እንዲያጠኑ ስነግራቸው ተገረሙ።

«እንዴት ዋሉ ስባል የምመልሰውን ነው የማጠናው?»

ቀጥሎ ቶተንሃም ሰፈር ስናሳይ፣ ገና ሰላም ከማለቴ፣ ጾሙን ይዤ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኚህን ሴት በሰው ፊት መዋሸት ከበደኝ።

«አልያዝኩም፣ እማማ።»

አንገታቸውን ነቅንቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከመድረክ ወረዱ። ሽማግሌው የቲያትሩ መጨረሻ መስሏቸው ተከተሏቸው። ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ፣ እኔ ብቻዬን እጅ ነሣሁ።