ከእንግሊዝ ገጠር በሻንጣ የመጣ ቁልፍ

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ዊልቼር የምገፋላቸው ሴትዮ ቦርሳቸውን ከጭናቸው አላወርድም አሉ...

በስደት በምኖርበት ከተማ ኤርፖርት ነው የምሠራው። መራመድ የሚከብዳቸውን መንገደኞች ከመግቢያው ተቀብዬ እስከ አውሮፕላኑ በር አደርሳለሁ። ከኋላ ስለምገፋ የሰው ፊት ብዙ አላይም፤ የማውቀው ማጅራት ነው። የእሳቸው ቀጭን ነበር። እንግሊዛዊት ናቸው። እዚሁ አጠገባችን ዲኬተር ከተማ ያለው ልጃቸው ጋ ከርመው ወደ አገራቸው መመለሳቸው ነው።

ፍተሻው ላይ ቦርሳው ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

ፈታሿ ጓንቷን አስተካክላ እጇን ከተተች። ያወጣችው ቁልፍ ነው። ጥቁር ብረት፣ ከስንዝር የሚረዝም።

«ማም፣ ይሄ ምንድነው?»

«የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ።»

«የምርዎን ነው?»

«በሩን ብታዪው አትጠይቂኝም ነበር።»

ፈታሿ ሳቀች። ግን እንዲህ የሚያህል ብረት ይዞ መሳፈር አይቻልም። ወይ ተመልሰው ሻንጣ ውስጥ ያስገቡት፣ ወይ ለማይበር ሰው ይስጡት፣ ወይ እዚያው ይተዉት። ሻንጣቸው ሄዷል። ሰዓቱም ሄዷል።

የማይበር ሰው... እኔ ነኝ።

ወደ ጥግ ገፋኋቸውና ፊት ለፊታቸው በርከክ አልኩ። ቁልፉን ጭናቸው ላይ አጋድመው ያወሩኝ ጀመር።

«አራት መንደር ነን፣ ቄሳችን ግን አንድ ነው። አራቱም መንደር የየራሱ ቤተ ክርስቲያን አለው፣ ሁሉም የጥንት። ቄሱ በመኪና ይዞራል። የኛ ትንሿ ናት። ጠዋት የምከፍታት፣ ሲመሽ የምዘጋት እኔ ነኝ። ቀን ቀን ክፍት ናት፤ ማንም ገብቶ መቀመጥ ይችላል። የግድግዳውን ሰዓት የሚሞላው ሰውዬ አምና ሞተ። የመንበርከኪያ ትራሶቹን የጠለፉት ሴቶችም... ሁሉም ግቢው ውስጥ ናቸው።»

ግቢው ያሉት መቃብሩን መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

«ታዲያ ቁልፉ እርስዎ ጋ ከሆነ ሰው በምን ይገባል?»

ብረቱን በአውራ ጣታቸው አሹት።

«ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ረስቼው ነው ሻንጣ ውስጥ የከተትኩት። ያገኘሁት እዚህ ከደረስኩ በኋላ ነው። ልጄ በፖስታ እንላከው አለኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። የመንደሩ ሰዎች ደውለው ይጠይቁኝ ብዬ። ይቆጡኛል ብዬ ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል ሁሉ አሰናድቼ ነበር።»

«ሌላ ቁልፍ ይኖራቸዋል።»

«ሌላ የለም።»

«እና... ደወሉ?»

«ፋሲካ እንኳ ማንም ሳይደውል አለፈ እኮ» አሉኝ።

ዘንድሮ የእነሱና የኛ ፋሲካ አንድ ቀን ነበር የዋለው። የዚያን ዕለት የኛ የሐበሾቹ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሁለት ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ነበር። አንዱ የኛ ወገን፣ አንዱ የእነዚያኞቹ። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ጉዳያችን ፍርድ ቤት ነው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ፓርኪንግ ላይ፣ በሁለት መኪና መሀል ሰገደች። ፖሊስ መኪናው ውስጥ ሆኖ ያየን ነበር።

ይህን አልነገርኳቸውም።

«አንተስ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን አለህ?» አሉኝ።

«አለኝ።»

«ሰው ይመጣል?»

«በጣም። ለፋሲካማ ውጭ ድረስ ነው የቆምነው።»

ውሸት አልነበረም። ፊታቸው በራ... «ውጭ ድረስ» አሉ ለራሳቸው።

አድራሻዎን ይስጡኝና ዛሬውኑ በፖስታ እልከዋለሁ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንተ ጋ ይቀመጥ። ስልክህን ስጠኝ። አንድ ሰው ቁልፉ የት ነው ብሎ ከጠየቀኝ እደውልልሃለሁ፤ ያኔ ትልካለህ።»

«እርስዎስ ቤተ ክርስቲያን መግባት አይፈልጉም?»

«ብቻዬን ከሆነማ ኩሽናዬም ይበቃኛል።»

ቁልፉን ሰጡኝ። ከገመትኩት በላይ ይከብዳል። ፈታሿ እያየች አንገቷን ነቀነቀችልኝ። ኪሴ አልያዘውም፤ ቀበቶዬ ስር ሻጥ አድርጌ እስከ አውሮፕላኑ በር ገፋኋቸው። ዞር ብለው አላዩኝም። እኔም ማጅራታቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

ስመለስ ሙሉጌታ ባዶ ዊልቼሮች እየደረደረ ነበር። አብረን ነው የተቀጠርነው፤ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ኢስት ፖይንት፣ አንድ ክፍል ተጋርተን ኖረናል። ኮሚቴው ሲከፈል እሱ ወደዚያኛው ወገን ሄደ፣ ሰላምታችንም እዚያው ላይ ቀረ። ዓይኑ ቀበቶዬ ላይ አረፈ። ከስንት ወር በኋላ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ነው...

«ደግሞ ሌላ ቁልፍ አስቀረጻችሁ?»

ልነግረው ፈለግሁ። ስለ መንደሮቹ፣ ቀኑን ሙሉ ክፍት ስለሚውለው በር። ግን ስለ ቁልፍ ለእሱ ማውራት... ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም። ዊልቼሬን ከእሱ መስመር አርቄ አቆምኩ።

ይሄ ከሆነ ወራት አለፉ። ቁልፉ አልጋዬ አጠገብ መሳቢያ ውስጥ ነው። የማላውቀው ቁጥር ሲደወል አሁንም እደነግጣለሁ፤ ሥራ ላይ ብሆንም ሮጬ አነሳለሁ።

እስካሁን የደወለልኝ የኛ ወገን ጠበቃ ብቻ ነው።